ደብዳቤው እጄ ላይ ነው

ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አጎትየው በቆቦና በአካባቢው ቆላ የማሽላ ሙከራ ላይ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ ናቸው። የእህታቸው ልጅ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምራ ወልድያ ትሠራለች፤ ለበዓል ወደ ቆቦ መጥታለች። በመካከላቸው አንድ ፍላሽና ከጎረቤት የተዋሱት ላፕቶፕ አለ።

አጎት፦ ይኸውልሽ፣ ፍላሹ ውስጥ ነው። ከጂሜይሌ ያወረደልኝ ልጅ ዚፕ ነው ብሎኛል። ስለ ማሽላ የተጻጻፍኩትን ብቻ ለይተሽ አውጪልኝ።

ልጅቱ፦ ምን አስቸኮለዎት ጋሼ? ጂሜይሉ እንደሆነ እዚያው አለ።

አጎት፦ እዚያው አለ ትያለሽ! እዚያው የት? በ2013 ሐምሌ ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ ስልኩም ኢንተርኔቱም ድርግም አለ። በ2014 ነሐሴ ከተማዋ ዳግመኛ ስትያዝም እንደዚያው። ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ። በገዛ እጄ የጻፍኩት ደብዳቤ ባሕር ማዶ ያለ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ እኔ እዚህ ማንበብ ሳልችል ከረምኩ። መስመሩ ሲለቀቅ ቀድሜ ያደረግሁት ይህን ማስወረድ ነው። ያውም ጎግል የሚልከው ማውረጃ ሊንክ በሳምንት ውስጥ ይዘጋል፤ እንዴት እንደተረባረብን አትጠይቂኝ።

ልጅቱ፦ የማሽላውስ ነገር ምንድን ነው?

አጎት፦ አቀንጭራ ነዋ! ሥሩ ላይ ተጣብቆ ከመሬት በታች ሲመጠው ይቆይና፣ ሐምራዊ አበባውን ይዞ ብቅ ሲል ማሽላው አልቆለታል። እ.ኤ.አ. በ2000 አብሽርና ጎብዬ የሚባሉ አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ተለቀቁ። የፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ የምርምር ፍሬ ናቸው፤ በዚሁ ሥራቸው ነው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት የተሸለሙት። ጎብዬ እዚሁ ከወልድያ ስትመጪ ከምታልፊያት ከተማ ጋር ሞክሼ ነው። ወረቀት ላይ ሁሉም ያማረ ነበር። ገበሬው ጋ ስትሄጂ ግን ረጅሙን የአገሩን ማሽላ ይዞ ‹ጅጉርቴዬን አልለቅም› ይልሻል። አጭር ማሽላ አገዳ የለውማ! አገዳው ለከብቱ ቀለብ፣ ለማገዶ፣ ለአጥር ነው። ከስሪንቃ ምርምር ማዕከል ሰዎች ጋር በዚህ ስንከራከር የኖርነው ክርክር በሪፖርቱ ውስጥ የለም፤ ያለው ደብዳቤዎቹ ውስጥ ብቻ ነው።

ልጅቱ፦ ላፕቶፑ ማታ ይመለሳል አሉኝ አይደል? እንግዲያው ዚፑን እዚህ ላይ አልፈታውም።

አጎት፦ ለምን?

ልጅቱ፦ ከፈታሁት ደብዳቤዎ በሙሉ የሰው ዲስክ ላይ ይገለበጣል። ባጠፋውም ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ በቀላል ፕሮግራም ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። ውስጡ የገበሬ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የማሳ ስፋት የለበትም?

አጎት፦ ሞልቷል እንጂ። ማን ስንት ኩንታል እንዳገባ ሳይቀር።

ልጅቱ፦ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የያዘ አካል ያንን መረጃ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። እኛ መሥሪያ ቤት አይደለንም፤ ቢሆንም ሰዎቹ ስልካቸውን የሰጡት ለእርስዎ እንጂ ለላፕቶፑ ባለቤት አይደለም።

አጎት፦ ልክ ነሽ። ታዲያ ሳይፈታ በምን ይነበባል?

ልጅቱ፦ ሜሞሪ ላይ። ፓይተን ዚፕፋይል የሚባል ላይብረሪ አለው። ዚፑን ሳይበትን፣ ውስጡ ያለውን ፋይል እንደ ስትሪም ያቀብለኛል። ባይቶቹ በተራ ይመጣሉ፤ እኔ አንብብ እያልኩ እቀበላለሁ። ከዲስክ ይምጡ፣ ከኢንተርኔት ይምጡ፣ ራም ላይ የተቀመጡ ይሁኑ፣ ለሚያነበው ኮድ ልዩነት የለውም። ወይም የለውም ተብሎ ነው የሚታሰበው።

አጎት፦ ‹ተብሎ ነው የሚታሰበው› ስትዪ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

ልጅቱ፦ አለ። ጎግል የሚሰጠው የደብዳቤ ክምችት ኤምቦክስ የሚባል ዓይነት ፋይል ነው። ፓይተንም ኤምቦክስ የሚያነብ፣ ሜይልቦክስ የሚባል ላይብረሪ ከራሱ ጋር ይዞ ይመጣል። ሥራው እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። ሜይልቦክስ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ‹ፋይሉ የት ነው?› ብሎ ነው። ፓዝ ካልሰጠሁት አይንቀሳቀስም። ደብዳቤው እጄ ላይ ነው ብለው አይሰማኝም።

አጎት፦ ምን ዓይነቱ ነው!

ልጅቱ፦ ድሮ እንዲህ አልነበረም። በፓይተን 2 የነበሩት የቀድሞዎቹ ክፍሎች የተከፈተ ፋይል ሲሰጧቸው ያነቡ ነበር። ፓይተን 2.5 ላይ አዲሱ መጣ፤ ማንበብ ብቻ ሳይሆን መጻፍና መሰረዝም ቻለ። የሚጽፍ ደግሞ ሌላ ፕሮግራም እንዳይገባበት ፋይሉን መቆለፍ አለበት፤ ሲያስቀምጥም አጠገቡ አዲስ ፋይል ጽፎ በአሮጌው ቦታ ይተካዋል። ለዚህ ሁሉ ፎልደርና ስም ያስፈልገዋል። ፓይተን 3 ሲመጣ አሮጌዎቹ ተጣሉ፤ የተረፈን ፓዝ ጠያቂው ነው።

አጎት፦ በቂ ምክንያት ነው እኮ።

ልጅቱ፦ ለሚጽፍ ሰው በቂ ነው። እኔ ግን ላነብ ነው የመጣሁት። ማንበብ ብቻ ብፈልግም ፋይሉን መጀመሪያ የሚሞክረው ለመጻፍም ጭምር ሊከፍተው ነው፤ ፈቃድ ሲከለከል ብቻ ነው ወደ ንባብ የሚወርደው። የባሰም አለ። የፋይሉን ስም በአንድ ፊደል ብሳሳት ‹እንዲህ ያለ ፋይል የለም› አይለኝም፤ በተሳሳተው ስም ባዶ ፋይል ፈጥሮ ዜሮ ደብዳቤ አለ ይለኛል። አትፍጠር ብዬ አስቀድሜ ካልነገርኩት በስተቀር።

አጎት፦ ይሄማ ሰው ይገድላል! የአሥር ዓመት ደብዳቤዬ ጠፋ ብዬ ልደነግጥ?

ልጅቱ፦ ለዚያ ነው የማልወደው።

አጎት፦ አታልዪው እንጂ። ፓዝ ከፈለገ ፓዝ ስጪው።

ልጅቱ፦ መንገድ አለ። ሊኑክስ ቢሆን ዴቭ ኤስኤችኤም የሚባል ፎልደር አለው፤ ፎልደር ይምሰል እንጂ ያለው ራም ላይ ነው። ፋይሉን እዚያ አድርጌ ፓዙን እሰጠው ነበር። ይህ ላፕቶፕ ዊንዶውስ ነው። ሌላው መንገድ ደግሞ የላይብረሪውን ሆድ ከፍቶ፣ ፋይሉን የሚይዝበት የውስጥ ስም ላይ ባይትስአይኦ መትከል ነው።

አጎት፦ ባይት... ምን?

ልጅቱ፦ ባይትስአይኦ። ራም ላይ ያሉ ባይቶችን የፋይል ጠባይ የሚያሲዝ ነገር ነው። አንብብ ሲሉት ያነባል፣ ወደ መጀመሪያው ተመለስ ሲሉት ይመለሳል፤ ዲስክ ላይ ግን የለም። ብዙ ሰው ሜይልቦክስ ውስጥ እሱን ሰክቶ ይጠቀማል፤ ይሠራልም። እኔ አላደርገውም። በውስጥ ስም ላይ የተመሠረተ ኮድ ላይብረሪው በታደሰ ቀን ሊሰበር ይችላል፤ ላይብረሪውን የጻፉትም ቃል አልገቡልኝም። ደግሞ ዚፑ ወደ 2 ጊጋ ነው፣ ሲፈታ 3 ጊጋ ይጠጋል፤ የላፕቶፑ ራም 4 ጊጋ ነው። ሁሉን በአንዴ ልጫንበት ብል ታፍኖ ይቆማል።

አጎት፦ እንግዲህ ሜሞሪ ላይ ይነበባል ያልሽኝ ራስሽ ነሽ።

ልጅቱ፦ ይነበባል ነው ያልኩት እንጂ ሁሉም በአንዴ ይጫናል አላልኩም።

አጎት፦ ቆይ፣ ገባኝ። ሆርማት ወንዝ በክረምት ሲሞላ ገበሬው ጎርፉን በጠለፋ ወደ ማሳው ይመልሰዋል እንጂ ጎርፉን ሁሉ አያጠራቅምም። ሲያልፍ የሚበቃውን ይይዛል፣ የቀረውን ወደ ታች ይለቀዋል።

ልጅቱ፦ እሱን ነው የማደርገው። አንድ ደብዳቤ ብቻ እይዛለሁ፤ ማሽላ ካለበት አስቀራለሁ፣ ከሌለበት እለቀዋለሁ። ራም ላይ በአንድ ጊዜ የሚኖረው አንድ ደብዳቤ ከነአታችመንቱ ነው። ለዚህ ሜይልቦክስ አያስፈልገኝም፤ ኤምቦክስ በጣም ቀላል ነገር ስለሆነ ራሴ እቆርጠዋለሁ።

አጎት፦ በምን ታውቂዋለሽ፣ አንዱ አልቆ ሌላው ሲጀምር?

ልጅቱ፦ ደብዳቤዎቹ በአንድ ፋይል ውስጥ ተከታትለው ነው የተጻፉት። እያንዳንዱ ከመጀመሩ በፊት ፍሮም በሚል የእንግሊዝኛ ቃልና በአንድ ባዶ ቦታ የሚጀምር መስመር አለ፤ ከዚያ አድራሻ፣ ከዚያ ቀን ይከተላል። በባይት ቢያዩት 70፣ 114፣ 111፣ 109፣ 32 ነው። የላኪው ስም ያለበት መስመርም በፍሮም ነው የሚጀምረው፤ እዚያ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ሁለት ነጥብ ነው፣ 58። ልዩነቱ ያቺ አንዲት ባይት ናት።

አጎት፦ ቆይ፣ ቆይ። እኔ ለውጭ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ ስጽፍ ‹ከቆቦ ያገኘነው ውጤት እንዲህ ነው› እያልኩ አዲስ አንቀጽ ፍሮም ብዬ የምጀምርበት ጊዜ ነበር። እሱንስ አዲስ ደብዳቤ ነው ብሎ አይቆርጠውም?

ልጅቱ፦ ይቆርጠዋል! ይህ ከኤምቦክስ ጋር የኖረ ጣጣ ነው። ጠንቃቃ ፕሮግራም ፋይሉን ሲጽፍ እንዲህ ካለው መስመር ፊት የማዕዘን ምልክት ይጨምርበታል፤ የሚያነበው መልሶ ያነሣለታል። ሁሉም ግን ጠንቃቃ አይደለም። ሜይልቦክስ መስመሩ በእነዚያ 5 ባይቶች መጀመሩን አይቶ ይቆርጣል። እኔ ሁለት ነገር እጨምራለሁ፦ ከላዩ ባዶ መስመር መኖር አለበት፣ መስመሩም ሰዓትና ዓመተ ምሕረት ባለው ቀን ማለቅ አለበት። ‹ከቆቦ ያገኘነው ውጤት› በዚህ ወንፊት አያልፍም።

አጎት፦ የአማርኛ ደብዳቤዬስ?

ልጅቱ፦ እሱን ይህ ጣጣ አይነካውም። የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሲጻፍ እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል፤ የመጀመሪያዋ ባይት ሁልጊዜ 225 ናት። ‹ቆ› 225፣ 137፣ 134 ነው፤ ‹ቦ› 225፣ 137፣ 166። በግዕዝ ፊደል የሚጀምር መስመር ከ70 ሊጀምር አይችልም።

አጎት፦ እንግሊዝኛውን ስንፈራ አማርኛው አዳነን በይኛ። በይ ጀምሪው።

ልጅቱ፦ ሠላሳ መስመር የማይሞላ ኮድ ነው። ዚፑን ፍላሹ ላይ እንዳለ ለንባብ ብቻ ከፈትኩ። ውስጡ ያለውን ኤምቦክስ እንደ ስትሪም ተቀበልኩ። መስመር በመስመር አነባለሁ፤ መለያው መስመር ሲመጣ እስካሁን የሰበሰብኩትን ኢሜይል ለሚባለው ላይብረሪ አስረክባለሁ። እሱ ደግ ነው፤ ባይት ከሰጡት ፓዝ አይጠይቅም። ይኸው፣ የመጀመሪያው ደብዳቤ።

አጎት፦ ርዕሱ ምንድን ነው? ይሄ የእኔ አይደለም። ቁጥርና የፈረንጅ ፊደል የተቀላቀለበት ነው።

ልጅቱ፦ የእርስዎ ነው። የኢሜይል ራስጌ የተሠራው ለእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነበር። ሌላ ፊደል በዚያ ለማሳለፍ ቤዝ 64 በሚባል ዘዴ ይጠቀለላል፤ 3 ባይት 4 የእንግሊዝኛ ምልክት ይሆናል። የእኛ አንድ ፊደል 3 ባይት ስለሆነ ልክ 4 ምልክት ይወጣዋል። ያዩታል፣ 4 ቁጥርና ዋይ እየተደጋገሙ? በየፊደሉ መጀመሪያ እነሱ ናቸው። መሐል ባዶ ቦታ ሲገባ ነው ሰልፉ የሚዛባው።

አጎት፦ እና እንዲህ ሆኖ ይቀራል?

ልጅቱ፦ አይቀርም። ላይብረሪው ለቆየ ኮድ ሲል ሳይጠየቅ የሚሠራው በድሮው ደንብ ነው፤ በዚያ ደንብ ርዕሱን ሳይፈታው እንዳለ ይሰጠኛል። ፖሊሲ በሚለው ቦታ ላይ ዲፎልት የሚባለውን አዲሱን ደንብ ስነግረው ራሱ ይፈታዋል። ስማቸው ግራ የሚያጋባ ነው፤ ዲፎልት የሚባለው ሳይጠየቅ የሚመጣው አይደለም። አሁን ይመልከቱ።

አጎት፦ ‹የጎብዬ ማሽላ የአገዳ ጉዳይ›። አዎ! ይቺን የጻፍኩት ሰኔ ላይ ነው፣ ዝናቡ ዘግይቶ ገበሬው ረጅሙን ማሽላ ይዝራ ጤፍ ይዝራ ሲያመነታ። ግን ከሥሯ ሰንጠረዥ ነበራት፣ በኤክሴል።

ልጅቱ፦ አለች። ባይትስአይኦ ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። አታችመንቱ ከደብዳቤው ሲወጣ ጥሬ ባይት ነው። ዲስክ ላይ አስቀምጬ መልሼ ልከፍተው እችል ነበር፤ እኛ ደግሞ ዲስክ አንነካም ብለናል። ባይቱን ባይትስአይኦ ውስጥ አደርገውና ኤክሴል ለሚያነበው ላይብረሪ፣ ለኦፕንፓይኤክስኤል፣ አቀብለዋለሁ። እሱ ፋይል የተሰጠው ይመስለዋል። ይኸው፦ የማሳ ስም፣ ዝርያ፣ የአቀንጭራ ቁጥር በካሬ ሜትር፣ ምርት፣ አገዳ።

አጎት፦ አገዳውን ለብቻው መዝኜ ነበር ማለት ነው። ረስቼው ነበር እኮ። ለዚህ ዓምድ ስንት ተነታርከናል፣ ‹የምንለካው ፍሬ ነው› እየተባልኩ። ይቺ ከታች ያለችው ደግሞ አትነበብም?

ልጅቱ፦ እሷ ወርድ ናት፤ በቆየ የግዕዝ ፎንት የተጻፈች። ከዩኒኮድ በፊት የነበሩት ፎንቶች የእንግሊዝኛውን ቦታ ወስደው የእኛን ፊደል የሚሥሉ ነበሩ። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ መሥሪያ ቤቶች ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት በአሮጌዎቹ ጽፈዋል። ፎንቱ ካልተገኘ ይህንን ፓይተን ብቻውን አይፈታውም። ለብቻ እናስቀምጣት።

አጎት፦ መብራት ቢሄድስ? የላፕቶፑ ባትሪ እንደሆነ የሞተ ነው።

ልጅቱ፦ ራም ላይ ያለው ይጠፋል። የሚጠፋው ግን ቅጂው ነው፤ ዋናው ፍላሹ ላይ እንዳለ ነው። ለመጻፍ ስላልከፈትኩት መሐል ላይ ቢቋረጥም አይበላሽም። መብራቱ ሲመጣ ደግሜ አነባለሁ። የተመረጡትን ደብዳቤዎች ደግሞ እያንዳንዱን ወዲያው እዚያው ፍላሹ ላይ፣ በሌላ ፋይል አስቀምጣለሁ።

አጎት፦ ላፕቶፑ ላይስ ምንም አይቀርም?

ልጅቱ፦ ምንም ብዬ አልምልም። ራም ሲጠብበው ዊንዶውስ ከፊሉን ፔጅ ፋይል ወደሚባለው ዲስክ ላይ ይገፋዋል፤ ላፕቶፑን ሃይበርኔት ካደረጉት ደግሞ ራሙን ዲስክ ላይ ይጽፈዋል። አንድ አንድ ደብዳቤ ብቻ በመያዜ የመጀመሪያው አያሰጋንም። ለሁለተኛው፣ ሲጨርሱ ክዳኑን ዘግተው አይስጡ፤ አጥፍተው ይስጡ።

አጎት፦ እሺ። የቢሮው ኮምፒውተር ላይ የነበረውስ? የአውትሉክ ነው፤ አንድ ትልቅ ፋይል አድርገው ነው የሰጡኝ።

ልጅቱ፦ እሱ ፒኤስቲ ነው፤ ሌላ ባሕርይ ነው ያለው። ኤምቦክስ ከላይ ወደ ታች ይነበባል፤ ፒኤስቲ ግን ማውጫውን ለመከተል ወዲህና ወዲያ መዝለል ይጠይቃል። ስለዚህ እየፈሰሰ በሚሄድ ስትሪም አይሆንም፣ ወደ ኋላ መመለስ የሚችል ነገር ይፈልጋል። ፓይፒኤፍኤፍ የሚባለው ላይብረሪ ከፓዝ ሌላ የተከፈተ ፋይል መቀበል ስለሚችል ባይትስአይኦንም ይቀበላል። ሜይልቦክስ ያልሰጠንን እሱ ይሰጠናል። ብቻ ፋይሉ ራሙን መብለጥ የለበትም። ከአውትሉክ 2003 በፊት የነበሩት ፒኤስቲዎች ከ2 ጊጋ አያልፉም፤ የኋለኞቹ ግን ያልፋሉ። የእርስዎን መጠኑን ልየው።

አጎት፦ እሱን ወልድያ ይዘሽው ሂጂ፣ በራስሽ ኮምፒውተር ይሻላል። ለመሆኑ ይህን ኮድ ለሌላ ሰው መስጠት ይቻላል? አብረውኝ የሠሩ ጡረተኞች አሉ፤ አንዳንዱ ጂሜይሉን ከከፈተ ዘመን የለውም።

ልጅቱ፦ ኮዱን እሰጣለሁ። ጂሜይላቸውን ግን ቶሎ ይክፈቱ ይበሏቸው። ጎግል ሁለት ዓመት ያልተነካ የግል አካውንትን ከነደብዳቤው ሊሰርዝ ይችላል፤ ይህ ደንብ ከኅዳር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። ኢንተርኔት ተቋርጦብን ነበር ብሎ ማስረዳት የሚቻልበት ሰው እዚያ የለም። የይለፍ ቃላቸውን የሚያስታውሱ ሁሉ ዛሬ ገብተው አንድ ደብዳቤ ያንብቡ፤ ከዚያ ክምችቱን ይጠይቁና ሊንኩ ሳይዘጋ በሳምንቱ ውስጥ ያስወርዱት።